የኮምፒዩተር ሰዓትና የተማሪ ፍጥነት
በሥነ ልቡና ሙከራ የጊዜ አለካክ ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

የተማሪን የማስታወስ፣ የማስተዋልና ራስን የመግታት ችሎታ በኮምፒዩተር አማካይነት መለካት በውጭ አገር ብቻ ሳይሆን በአገራችንም ተሞክሯል። እንዲህ ያለው ሙከራ ተማሪው ትክክለኛውን መልስ መስጠቱን ብቻ ሳይሆን መልሱን ለመስጠት የፈጀበትን ጊዜ ጭምር ይመዘግባል። ጊዜውም በሚሊ ሴኮንድ፣ ማለትም በሴኮንድ አንድ ሺኛ፣ ተጽፎ በሠንጠረዥ ይቀርባል። ቁጥሩ እጅግ የረቀቀ በመምሰሉ አንባቢው ያለ ጥያቄ ሊቀበለው ይችላል። ይሁን እንጂ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንኑ ጥያቄ ማንሣት ነው፤ ይኸውም በሠንጠረዡ ላይ የሰፈረው ፍጥነት የልጁ ነው ወይስ የመሣሪያው?

በአገራችን የተደረገው ሙከራ

ለዚህ ውይይት ቅርብ የሆነው ምሳሌ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም የተካሄደው ያንግ ላይቭስ የተባለው የረጅም ጊዜ ጥናት ነው። በኢትዮጵያ ጥናቱ በ20 የተመረጡ ሥፍራዎች እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 ገደማ የተወለዱ 2,000 ያህል ሕፃናትንና ከእነርሱ በዕድሜ የሚበልጡ 1,000 ያህል ልጆችን በመያዝ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2013 በተጀመረው አራተኛው ዙር፣ በኢትዮጵያና በፔሩ ዕድሜያቸው 12 ዓመት ገደማ ለደረሰው ታናሽ ቡድን ሬሰር በሚል አሕጽሮተ ስም የሚጠራ፣ በንክኪ በሚሠራ ታብሌት የሚሰጥ ምዘና ቀረበላቸው። ከሥራዎቹ በአንደኛው፣ ልጁ በስክሪኑ በአንድ ወገን ምልክት ሲታይ አንዳንዴ ያንኑ ወገን፣ አንዳንዴ ደግሞ ተቃራኒውን ወገን እንዲነካ ይታዘዛል። ሁለተኛው ትእዛዝ እጅ በልማድ ወደሚሄድበት እንዳይሄድ መግታትን ስለሚጠይቅ ብዙውን ጊዜ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል።

የሙከራው አሠራር የሚመሰገን ነው። ልጁ ማንበብ ባይችልም ሊሠራው ይችላል፤ በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ቢብራራ ሥራው ያው ነው። ዳሩ ግን ከዚህ ዓይነት ሥራ የሚገኘውን ቁጥር እንዴት እናንብበው የሚለው ጉዳይ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም።

መሣሪያው የሚጨምረው ጊዜ

ልጁ ምልክቱን አይቶ እስኪነካ ድረስ ባለው ጊዜ ላይ መሣሪያው የራሱን ጊዜ ይጨምራል። አብዛኛው ስክሪን ምስሉን በሴኮንድ 60 ጊዜ ስለሚያድስ፣ አንድ ምልክት እንዲታይ ከታዘዘ በኋላ ተራው እስኪደርስ እስከ 16.7 ሚሊ ሴኮንድ ሊጠብቅ ይችላል። የተለመደው የዩ.ኤስ.ቢ. ኪቦርድ በኮምፒዩተሩ የሚጠየቀው በየ8 ሚሊ ሴኮንዱ ነው። በንክኪ የሚሠራ ስክሪን ደግሞ ጣት ካረፈበት አንሥቶ ምላሹ እስኪታይ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሴኮንድ ሊያዘገይ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተሮች የውስጥ ሰዓት በተለመደው አሠራሩ በሴኮንድ 18.2 ጊዜ ብቻ ይቆጥር ስለነበር፣ ከ55 ሚሊ ሴኮንድ ያነሰ ልዩነትን ለይቶ ማሳየት አይችልም ነበር።

የእነዚህ መጠኖች ክብደት የሚታወቀው ከሚለካው ነገር ጋር ሲነጻጸሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በትምህርት ሚኒስቴርና በአጋሮቹ ትብብር በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ተማሪው በ60 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ቃል እንደሚያነብ ይለካ ነበር። በዚያ ምዘና መዛኙ ሰዓቱን ግማሽ ሴኮንድ አዘግይቶ ቢያቆም ስሕተቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን 450 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ በሚፈጅ ምላሽ ላይ 50 ሚሊ ሴኮንድ ቢጨመር ስሕተቱ ከመቶ 11 ይሆናል። ስለዚህ የመምህሩ ተራ ሰዓት ለአንዱ ሥራ ከበቂ በላይ ሲሆን፣ ውድ የሆነው ታብሌት ለሌላው ሥራ ላይበቃ ይችላል።

የሚጎዳውና የማይጎዳው ስሕተት

ከዚህ ተነሥቶ በኮምፒዩተር የተለካ ጊዜ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ግን አይገባም። ኡልሪክና ጊራይ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 እንዳስረዱት፣ ረቂቅ ያልሆነ ሰዓት እንኳ በአማካይ ውጤት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ነው። የአንድ ልጅ ምላሽ ከሙከራ ሙከራ በ100 ሚሊ ሴኮንድ መደበኛ ልይይት ይለዋወጣል ብንል፣ የስክሪኑ የ16.7 ሚሊ ሴኮንድ መዋዠቅ ሲጨመርበት ልይይቱ ወደ 100.1 ገደማ ብቻ ከፍ ይላል። ተለዋዋጭ ስሕተት ሙከራው በተደጋገመ ቁጥር እርስ በርሱ ይጣፋል።

አሳሳቹ ቋሚ ስሕተት ነው። ይህን ለማስረዳት በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኙ ሁለት ትምህርት ቤቶችን በሐሳብ እንውሰድ። የሁለቱም ተማሪዎች እውነተኛ ምላሽ በአማካይ 450 ሚሊ ሴኮንድ ይሁን። የአንደኛው ታብሌቶች 40፣ የሁለተኛው አሮጌ ታብሌቶች 90 ሚሊ ሴኮንድ ቢያዘገዩ፣ ሠንጠረዡ 490 እና 540 ብሎ ይመዘግባል። ሙከራውን ሺህ ጊዜ ብንደጋግመው የ50 ሚሊ ሴኮንዱ ልዩነት አይጠፋም። አንባቢውም የሁለተኛው ትምህርት ቤት ልጆች አእምሮ ዘገምተኛ ነው ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል።

መፍትሔው በሙከራው አወቃቀር ውስጥ ይገኛል። ተቃራኒውን ወገን መንካት ተጨማሪ 70 ሚሊ ሴኮንድ የሚወስድ ከሆነ፣ አንደኛው ትምህርት ቤት 490 እና 560፣ ሁለተኛው 540 እና 610 ያስመዘግባል። ልዩነቱ በሁለቱም ዘንድ 70 ነው፤ የመሣሪያው መዘግየት በመቀነስ ስሌት ይወገዳል። ከላይ የተጠቀሰው ዓይነት ሥራ ጥንካሬውም ይኸው ነው። በአንጻሩ የኢትዮጵያንና የፔሩን ልጆች ጥሬ የምላሽ ጊዜ፣ ወይም በልዩ ልዩ ዓመታት የተመዘገበውን ጥሬ ጊዜ ጎን ለጎን አስቀምጦ ፍርድ ለመስጠት የሚሻ አንባቢ፣ መሣሪያዎቹ አንድ ዓይነት መሆናቸውንና መፈተሻቸውን በቅድሚያ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ከታሪክ የሚገኝ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1796 በእንግሊዝ አገር የግሪኒች የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ኃላፊ የነበሩት ኔቪል ማስክሊን፣ ረዳታቸው ዴቪድ ኪኔብሩክ የከዋክብትን ማለፊያ ጊዜ ከእርሳቸው በ0.8 ሴኮንድ ያህል አዘግይቶ ስለ መዘገበ ከሥራ አሰናበቱት። ጀርመናዊው የከዋክብት ተመራማሪ ቤሰል ዘግየት ብሎ እንዳሳየው ግን፣ ጠንቃቃ የሆኑ ሁለት ተመልካቾች እንኳ በአንድ አሠራር የተለያየ ጊዜ ይመዘግባሉ። ጉድለት የተባለው ነገር በአለካኩ ውስጥ የነበረ ሲሆን፣ ዋጋውን የከፈለው ግን ሰውየው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 ቩንት በላይፕሲግ ባቋቋሙት ቤተ ሙከራ የሥነ ልቡና ሊቃውንት የሂፕን የጊዜ መለኪያ ይጠቀሙ በነበረበት ዘመን፣ ሰዓቱ ራሱ በሚወድቅ መዶሻ እየተፈተሸ ይስተካከል ነበር። አስቀድሞ ሰዓቱ፣ ቀጥሎ ሰው ይፈተን ነበር ማለት ነው። ዛሬ ቁጥሩ በስክሪን ላይ ተውቦ ስለሚወጣ ይህ ልማድ መዘንጋት የለበትም።

ማጠቃለያና አስተያየት

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በወረቀትና በኮምፒዩተር መሰጠቱ እንደሚያመለክተው፣ ኮምፒዩተር በምዘና ሥራ የሚኖረው ድርሻ እየሰፋ ነው። በሰዓታት ለሚለካ ፈተና የሚሊ ሴኮንድ ጉዳይ አያሳስብም። ለምላሽ ፍጥነት ምዘና ግን የሚከተሉት ነጥቦች ሊታሰብባቸው ይገባል።

1. ማንኛውም የጥናት ሪፖርት የመሣሪያውን ዓይነትና የተለካውን መዘግየት ከውጤቱ ጋር አብሮ ይግለጽ። ይህ ያልተሟላለት ጥሬ የምላሽ ጊዜ ትምህርት ቤቶችን ወይም ክልሎችን ለማወዳደር አይዋል።

2. የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ፍተሻውን በራሳቸው ማካሄድ ይችላሉ። በሴኮንድ 240 ምስል በሚያነሣ የእጅ ስልክ፣ ጣት ስክሪኑን ሲነካና ስክሪኑ ሲለወጥ ቀርጾ በመካከል ያሉትን ምስሎች መቁጠር ይበቃል፤ እያንዳንዱ ምስል 4.2 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ነው።

3. በአንድ ጥናት የሚሳተፉ ቡድኖች በአንድ ዓይነት መሣሪያ ይፈተኑ፤ ይህ ካልተቻለ መሣሪያዎቹ በየቡድኑ በእኩል ይደልደሉ።

4. ከሁሉ በላይ፣ የአንድን ልጅ የክፍል ምደባ ወይም ልዩ ድጋፍ በጥቂት ሚሊ ሴኮንዶች ልዩነት ላይ ተመሥርቶ መወሰን አይገባም። ታብሌት ነክቶ የማያውቅ ልጅ ጣቱ ቢያመነታ አእምሮው አመነታ ማለት አይደለም።

«ዘገምተኛ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ በተማሪ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ከመምህር ወደ መምህር ይተላለፋል፤ ወላጅም ይሰማዋል፤ ልጁም ያምነዋል። ታብሌቱ በአዲስ ሲተካ ግን ቃሉ አብሮ አይተካም። ስለሆነም በሠንጠረዥ ላይ ስለ ሰፈረው የጊዜ ቁጥር መጠየቅ የመምህሩም የፕላን አውጭውም የሥራ ግዴታ ነው።