ዓረብኛና ዌልሽ፤ የአገባብ መመሳሰል ዝምድናን ያስረዳልን?

«ልጁ ውሻ አየ» የምትለውን አጭር ዓረፍተ ነገር እንያዝ። ዓረቡ ይህንኑ ሲናገር «ረኣ ል-ወለዱ ከልበን» ይላል፤ የዌልስ ሰው «ግዌሎድ ኧ ባኽገን ጊ» ይላል፤ በግእዝም «ርእየ ወልድ ከልበ» ይባላል። (ፊደላችን የማይደርስበትን ድምፅ በተቀራራቢው ጽፈናል።) በሦስቱም ግሱ ይቀድማል፤ ባለቤቱ ይከተላል፤ ተሳቢው በመጨረሻ ይቆማል። አንዱ በዓረብ ምድር፣ ሌላው በብሪታንያ ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ የሚነገር ሆኖ ሳለ እንዲህ መግጠማቸው ሊቃውንትን ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል።

ጆን ዴቪስ የተባሉት የዌልስ ቄስ በ1621 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት የሰዋስው መጽሐፍ ዌልሽን ከዕብራይስጥ ጋር ያነጻጽሩ ነበር። የዚያን ዘመን አስተያየት ለታሪክ እንተወውና፣ በእውነት ሊመረመር የሚገባው በ1900 የወጣው የጆን ሞሪስ ጆንስ ጽሑፍ ነው። እኒህ ሰው በባንጎር የዌልሽ መምህር ነበሩ። የጽሑፋቸው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ኬልቶች ወደ ደሴቲቱ ሲመጡ ቀድሞ የነበረው ሕዝብ የመጤዎቹን ቃላት ተቀበለ፤ ዓረፍተ ነገር የሚሠራበትን ልማድ ግን አልተወም። ይህም ልማድ የጥንታዊት ግብፅንና የበርበርን ቋንቋዎች ስለሚመስል የቀድሞው ሕዝብ የነዚያ ዘመድ ነበረ ይላሉ። ግብፅኛና በርበር ደግሞ ከዓረብኛ ጋር የአንድ ሰፊ ቤተሰብ አባላት ናቸው።

ማስረጃቸው በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን የመስተዋድዱ ነገር ነው። ዌልሽ «በእኔ ላይ፣ በአንተ ላይ፣ በእሱ ላይ፣ በእሷ ላይ» ለማለት መስተዋድዱን እንደ ግስ ያረባዋል፤ «አርናቭ፣ አርናት፣ አርኖ፣ አርኒ» ይላል። ዓረብኛም «ዐለይየ፣ ዐለይከ፣ ዐለይሂ፣ ዐለይሃ» ይላል፤ ግእዝ ያነበበ ተማሪም «ላዕሌየ፣ ላዕሌከ፣ ላዕሌሁ፣ ላዕሌሃ» የሚለውን ወዲያው ያስታውሳል። ነገሩ በመልክ ብቻ አያበቃም። በዓረብኛም በዌልሽም ባለዕዳው ዕዳው «በእኔ ላይ ነው» ይላል፤ እኛም «ዕዳ አለብኝ» ስንል ከዚህ አንርቅም። ባለቤቱ ብዙ ሆኖ በስሙ ሲጠራ ደግሞ የሚቀድመው ግስ በሁለቱም ነጠላ ይሆናል፤ ቃል በቃል «መጣ ልጆቹ» እንደ ማለት ነው። «የቤቱ በር» ለማለት ዓረብኛ «ባቡ ል-በይት»፣ ዌልሽ «ድሩስ ኧ ቲ» ሲሉ፣ ሁለቱም አመልካቹን ቃል ለቤቱ ብቻ ሰጥተው በሩን ያለ አመልካች ይተዉታል።

ሆኖም ማስረጃን መደርደር አንድ ነገር ነው፤ መመዘን ግን ሌላ ነው። ጆሴፍ ግሪንበርግ በ1963 እንዳሳዩት፣ ግስን የሚያስቀድሙ ቋንቋዎች መስተዋድድን ከስም በፊት ያደርጋሉ፤ ቅጽሉንም አብዛኛውን ጊዜ ከስሙ በኋላ ያመጣሉ። በሩቅ ውቅያኖስ ያሉት የማኦሪና የሃዋይ ቋንቋዎችም ግስን ያስቀድማሉ፤ ስለዚህ ግን የዓረብ ዘመድ ናቸው ያለ የለም። እንግዲህ ሦስትና አራት የሚመስለው ማስረጃ እርስ በርሱ የተያያዘ ከሆነ ሊቈጠር የሚገባው እንደ አንድ ነው። «አለኝ» የሚለውንም «በእኔ ዘንድ አለ» ብሎ መግለጽ በሩስኛ እንኳ ይገኛል። እርግጥ ኦሪን ጄንስለር በ1993 ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ መመሳሰሉ በአጋጣሚ ብቻ ሊገለጽ አይችልም ብለው ተከራክረዋል፤ እኛም መስተዋድዱን ስናይ ወደዚህ እናዘነብላለን። ነገር ግን «አጋጣሚ አይደለም» ማለት «ያደረገው እገሌ ነው» ማለት አይደለም።

ለዚህ ክርክር ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር አማርኛ ነው፤ የአውሮፓ ሊቃውንት ቢጠቅሱትም በሚገባው መጠን የተጠቀሙበት አይመስለንም። አማርኛ ሴማዊ፣ የዓረብኛም ዘመድ ሆኖ ሳለ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ቅጽሉንም ከስሙ ያስቀድማል፤ «የቤት በር» ይላል እንጂ «በር የቤት» አይልም። በቃላት ሥርዓት ብቻ የሚፈርድ ዳኛ ቢኖር አማርኛን ለአገውና ለኦሮምኛ ሰጥቶ ዓረብኛን ከዌልሽ ጋር ባዛመደ ነበር! ዝምድናን የሚነግረን ሌላ ነው። መግቢያችን ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር መለስ ብለን ብናየው፣ «ረኣ» ከ«ርእየ»፣ «ወለድ» ከ«ወልድ»፣ «ከልብ» ከ«ከልብ» ጋር ይገጥማል፤ የዌልሹ «ኪ» (ውሻ) ግን የሚገጥመው ከላቲኑ «ካኒስ» ጋር ነው። ተሳቢውን ዓረብኛና ግእዝ በቃሉ መጨረሻ ሲያመለክቱ፣ ዌልሽ የመጀመሪያውን ፊደል ለውጦ «ኪ»ን «ጊ» ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ጠባይ በዓረብኛ የለም።

ሞሪስ ጆንስን የሚደግፍ አንድ ፍሬ ነገር ግን ከዚሁ ከአማርኛ ይገኛል። የአማርኛ አገባብ ከግእዝ የራቀው በኩሽ ቋንቋዎች ጉርብትና መሆኑን ብዙ ሊቃውንት ይስማሙበታል፤ ስለዚህ አንድ ሕዝብ ቋንቋውን ሲለውጥ የአነጋገሩን ልማድ ይዞ መሻገሩ የሚቻል ነገር ነው። ጽሑፋቸው በዚህ በኩል ከዘመናቸው የቀደመ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ችግሩ ያለው በምስክሩ ላይ ነው። አገውኛና ኦሮምኛ ዛሬም ይነገራሉ፤ የፈለገ ሄዶ ሊጠይቃቸው ይችላል፤ አማርኛም ከኩሽ ቋንቋዎች የወሰዳቸው ቃላት አሉት። ከኬልቶች በፊት የነበረው የብሪታንያ ሕዝብ ግን ቋንቋው የሚነበብበት አንዲት ጽሑፍ እንኳ አልተወልንም። ሮማውያን በዌልስ ከኖሩ በኋላ «ፖንት» (ድልድይ)፣ «ኤግልዊስ» (ቤተ ክርስቲያን)፣ «ፌኔስትር» (መስኮት) የሚሉትን የመሳሰሉ የላቲን ቃላት በቋንቋው ውስጥ ቀርተዋል፤ ሰዋስውን በሙሉ አወረሰ የተባለው ሕዝብ ግን ሊቃውንት የሚስማሙበት የቃላት ዝርዝር አልተገኘለትም።