የኢቫን ኢሊች ሞትና የሐኪም እርዳታ

የሩስያው ደራሲ ሌዎ ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1886 ያሳተመው «የኢቫን ኢሊች ሞት» የተባለው አጭር ልብ ወለድ የአንድ መንግሥት ሠራተኛ ታሪክ ስለ ሆነ፣ በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ሁሉ ልናነበው ይገባል። ባለታሪኩ ዳኛ ነው፤ ማዕረጉን፣ ደመወዙንና የቤቱን ዕቃ ሲያሳምር ኖሮ በ45 ዓመቱ በማይድን በሽታ ተይዞ ይሞታል። ታሪኩ ይኸው ነው። ነገር ግን ዛሬ በብዙ አገሮች ሸንጎ በሚደረገው ታላቅ ክርክር ውስጥ፣ ማለት የማይድን በሽተኛ ሞቱን ያፋጥን ዘንድ ሐኪም ይርዳው ወይስ አይርዳው በሚለው ነገር፣ ይህ ትንሽ መጽሐፍ ለሁለቱም ወገን ምስክር ሊሆን ይችላል።

ከአሜሪካ ግዛቶች በዚህ ነገር ቀድማ ሕግ ያወጣችው ኦሬጎን ናት። ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ1994 ድምፅ ሰጠበት፤ በ1997 በሥራ ላይ ዋለ። በሕጉ መሠረት ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ፣ አእምሮው የጸና፣ ከ6 ወር በላይ እንደማይኖር ሁለት ሐኪሞች ያረጋገጡለት በሽተኛ ሁለት ጊዜ በቃል፣ አንድ ጊዜም በጽሑፍ ሲጠይቅ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊያዝለት ይችላል፤ የሚወስደው ግን በሽተኛው ራሱ ነው።

ይህን ሕግ የሚደግፍ ሰው ከመጽሐፉ የሚጠቅሰው ገጽ አያጣም። ኢቫን ኢሊች ሦስት ቀን ሙሉ ሳያቋርጥ ጮኋል፤ ሞርፊኑም አላሳረፈውም። ይህ ሥቃይ ለማን በጀ? ይላል። የሚቃወመውም የራሱን ገጽ ያወጣል። በሦስተኛው ቀን፣ ሊሞት ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ተማሪ ልጁ እጁን ስሞ ሲያለቅስ በሽተኛው ለልጁና ለሚስቱ አዘነ፤ የሞትም ፍርሃት ለቀቀው። ሞቱን ቀድሞ ቢያፋጥነው ኖሮ ይህችን ሰዓት ባላገኛት ነበር ይላል።

እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱም የመጽሐፉን መጨረሻ ሲመለከቱ መካከሉን ዘለሉት። ደራሲው በዚያ በግልጽ እንደሚያሳየን፣ ኢቫን ኢሊችን ከሁሉ አብልጦ ያሠቃየው ውሸቱ ነው። ሚስቱም፣ ወዳጆቹም፣ ሐኪሞቹም እየሞተ መሆኑን እያወቁ ጥቂት እንደ ታመመ አድርገው ይነግሩታል። ሐኪሙም፣ እርሱ ራሱ በችሎት ተከሳሹን ይመለከት በነበረበት ዓይን ይመለከተዋል። የማይዋሸው ጌራሲም የተባለው የባላገር ልጅ አሽከሩ ብቻ ነው። ሁላችንም ሟቾች ነንና ብደክምልዎ ምን አለበት እያለ፣ እግሩን በትከሻው ደግፎ አንዳንድ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ያድራል፤ በዚያን ጊዜም ሕመሙ የቀለለ ይመስለዋል።

በኦሬጎን በየዓመቱ የሚወጣው የመንግሥት መግለጫም ወደዚህ ያዘነብላል። መድኃኒቱን የጠየቁት በሽተኞች አብዝተው ያነሧቸው ምክንያቶች በራስ የማዘዝ ነፃነትን ማጣት፣ ደስ በሚያሰኝ ነገር ለመካፈል አለመቻልና ክብርን ማጣት ናቸው፤ ሕመም ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ በሥቃይ ላይ ብቻ የሚደረግ ክርክር የነገሩን እኩሌታ ይስታል።

ደራሲውን ግን የምነቅፍበት አለኝ። ጌራሲም ጤነኛ፣ ብርቱ፣ የማይሰለች ወጣት ነው። በየቤቱ የምታስታምመው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ያጣች ሚስት ወይም ሴት ልጅ ናት፤ ለእርሷ ድካም መጽሐፉ ብዙ ቦታ አልሰጠም። ደግሞም የመጨረሻዋን ብርሃን ለባለታሪኩ የሰጠው የደራሲው ብዕር ነው፤ ለሁሉ በሽተኛ ትመጣለች ብሎ ሕግ አውጪ ሊተማመንባት አይችልም።

በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሰው ራሱን እንዲገድል መርዳትን ይቀጣል፤ ክርክሩም ገና ወደ ደጃችን አልቀረበም። ውሸቱ ግን ከቤታችን ነው። ሐኪሙን «ለበሽተኛው አይንገሩት» ብለን የምንለምን እኛ ነን። እኔም በአጎቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ «አይዞዎት፣ ይድናሉ» ካሉት አንዱ ነበርሁ፤ እርሳቸውም ጥቂት አይተውኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሊነግሩኝ የፈለጉት ነገር እንደ ነበረ የተረዳሁት ከቀብራቸው በኋላ ነው።

እንግዲህ ስለ ሕጉ ከመከራከር በፊት፣ በሽተኛው እውነቱ ተነግሮታልን? ሕመሙን የሚያስታግስለት መድኃኒት አግኝቷልን? እግሩን የሚደግፍለትስ ሰው አለን? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሦስቱ ተሟልተውለት ሞትን የሚለምን ሰው ቢኖር፣ እውነተኛው ክርክር ከዚያ ይጀምራል። ሳይሟሉለት ለሚለምን ሰው የሚሰጠውን ፈቃድ ግን ነፃነት ብዬ ለመጥራት አልደፍርም።