ከሽቦው በፊት ጸጥታው

ለአጭር ሞገድ የሽቦ አንቴና የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው የበለጠ ይስባል?» ብሎ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ግን መጠየቅ ያለበት የትኛው ጫጫታ እንደሚቀንስ ነው። ከ10 ሜጋኸርዝ በታች ደህና ሬዲዮ የመስማት አቅም አያንሰውም። የሚያሸንፈን ከውጭ የሚገባው ረብሻ ነው። ሽቦው ሲረዝም ድምፁም ረብሻውም አብረው ያድጋሉ፤ ቁም ነገሩ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

መብራት በጠፋበት ምሽት በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ የከፈተ የከተማችን ሰው ይህን ያውቀዋል። ሰፈሩ ሲጨልም፣ የጎረቤት ኢንቨርተር ካልተነሳ፣ 7 ሜጋኸርዝ ላይ የነበረው ጉርምርምታ ባንዴ ይከስማል፤ ተውጠው የነበሩ ደካማ የሞርስ ድምፆችም ብቅ ይላሉ። ጥፋተኞቹ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች፣ የስልክ ቻርጀሮችና የላሉ የመብራት መስመሮች ናቸው።

የከተማ ረብሻ በቆመ አንቴና ላይ ስለሚበረታ፣ እኔ የምመርጠው መካከሉ ላይ ገመድ የሚገባለትን የተጋደመ ዳይፖል ነው። 143ን ለሜጋኸርዙ ማካፈል ርዝመቱን በሜትር ይሰጣል፤ ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር ገደማ፣ በየጎኑ 10 ማለት ነው። ከአንድ ጫፉ ብቻ የሚገናኝ ረጅም ሽቦ ለመስቀል ቢቀልም የምድር ግንኙነት (ግራውንድ) ይፈልጋል። ያንን ካላገኘ የኮአክሲያሉን ገመድ ውጫዊ ክፍልና የቤቱን የመብራት ሽቦ እንደ አካሉ ይጠቀማል፤ የቤቱ ጫጫታም በዚያው መንገድ ይገባል። በዳይፖልም ቢሆን ገመዱን አንቴናው ሥር በፌራይት ቀለበት ላይ አሥር ዙር ያህል መጠምጠም ይገባል። ከዚያ በኋላ ጉርምርምታው ከቀነሰ፣ ይመጣ የነበረው በገመዱ ቆዳ ላይ ተሳፍሮ ነበር።

ለአገር ውስጥ ግንኙነት ከሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ላይ 5 ወይም 6 ሜትር ከፍታ ይበቃል። ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ እየተመለሰ ቀን ላይ በ7 ሜጋኸርዝ አዲስ አበባን ይሸፍናል። በ14 ሜጋኸርዝ ሩቅ አገር ለመስማት ግን የ10 ሜትር ሽቦ በ10 ሜትር ከፍታ ላይ ይሻላል።

ጣና ዳር ሽቦ የሚሰቅል ሰው ብዙ ጊዜ ውሃው ሞገዱን የሚያጠነክርለት ይመስለዋል። ይህ ለጨው ባሕር እውነት ነው፤ የጣና ውሃ ግን ጨዋማ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታውም ከባሕር ውሃ በመቶዎች እጥፍ ያንሳል። የዳርቻው ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፦ በሐይቁ በኩል ቤትም፣ አምፖልም፣ የመብራት መስመርም የለም። ባትሪ ይዞ ከሆቴሎቹ ራቅ ብሎ ከአንድ ዋርካ ላይ ሽቦ መዘርጋት ውድ መሣሪያ ከመግዛት ይበልጣል።

አንቴና የማያድነን ነገርም አለ። በክረምት ከሐይቁ ላይ የሚነሳው መብረቅ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሬዲዮ ሁሉ ያንኳኳል፤ ነጎድጓድ ሲሰማ ገመዱን ነቅሎ ከቤት ውጭ ማኖር ግድ ነው። ደግሞ ከተማችን ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ናት። በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የላይኛው ከባቢ አየር እየተበጣጠሰ ድምፆች ይንቀጠቀጣሉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዋሸራ ቤተ ሙከራ የሚያጠናውም ይህንኑ የሰማይ ክፍል ነው።

ለማሰራጨት ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሥራውን ለማየት የሚሻ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ ያለውን፣ ኢቲ3ኤኤ የተባለውን የአማተር ሬዲዮ ክለብ ጣቢያ ያስብ። ሽቦ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሬዲዮውን በባትሪ ከፍታችሁ የቤታችሁን ዋና ማጥፊያ ዝቅ አድርጉና አድምጡ። ጫጫታው ከጠፋ ችግሩ ከእናንተው ቤት ነውና፣ ከአንቴናው በፊት አምፖሉን ቀይሩ።