«አስመሳይ» ወይስ «አምሳያ»? የደም ፍሰት መፈተኛ ፓምፖችን ስያሜ የሚመለከት ሂስ

የአንድ ሙያዊ ቃል ትክክለኛነት የሚመዘነው ለጆሮ በመጣፈጡ ሳይሆን፣ የተሰየመውን ነገር ከጎረቤቶቹ ለይቶ በማሳወቁ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምራቸው ስያሜዎች በሕክምና ምሕንድስና ቤተ ሙከራዎች ውስጥ የልብን አመታትና የደምን አፈሳሰስ ተከትለው ፈሳሽ የሚገፉ ፓምፖችን ይመለከታሉ። በእንግሊዝኛ «ፐልሳታይል ፓምፕ» ወይም «ፐልስ ዱፕሊኬተር» ሲባሉ፣ ፓምፑ ከቧንቧዎቹና ከጋኖቹ ጋር ተያይዞ ሲታይ «ሞክ ሰርኩላቶሪ ሉፕ» ይባላል። ለእነዚህ ወደ ተርጓሚው ብዕር ፈጥነው የሚመጡት «አስመሳይ ፓምፕ»፣ «ሰው ሠራሽ ልብ» እና «የደም ፍሰት መቅጃ» የተሰኙት ሦስት ስያሜዎች ናቸው። ሦስቱም እንደማያስኬዱ ለማሳየት እንሞክራለን።

በቅድሚያ የነገሩን ምንነት መረዳት ይገባል። ዕረፍት ላይ ያለ የጤነኛ ጎልማሳ ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል፤ በእያንዳንዱ ምት 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ይረጫል፤ ይህም በደቂቃ ወደ 5 ሊትር ይጠጋል። ነገር ግን ደሙ እንደ ወንዝ በእኩል አይፈስም። ልብ ተኮማትሮ ደም የሚረጭበት ጊዜ ከአንዱ ምት ሲሦ ያህሉ ብቻ ሲሆን፣ በቀረው ጊዜ ልብ ላልቶ ይሞላል። ስለዚህም በታላቁ ደም ቅዳ ውስጥ ያለው ግፊት ወደ 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወጥቶ ተመልሶ ወደ 80 ይወርዳል። የቤተ ሙከራው ፓምፕ ሊከተል የሚገባው ይህንኑ ውጣ ውረድ ነው። በብዙዎቹ መሣሪያዎች በሞተር የሚነዳ ፒስተን በታዘዘው የጊዜ ልክ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሰ ፈሳሹን ይገፋል። በደም ፈንታ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው የውሃና የግሊሰሪን ድብልቅ ነው፤ ደም ከውሃ ከ3 እስከ 4 እጥፍ ያህል የሚዘለግልግ በመሆኑ፣ ግሊሰሪኑ ወደ 40 በመቶ ሲደርስ ድብልቁ ለደም ይቀርባል። በዚህ ዑደት መካከል አዲስ የተሠራ የልብ ቫልቭ ይገባና ምን ያህል ፈሳሽ ወደ ኋላ እንደሚያሾልክ፣ ምን ያህልስ ግፊት እንደሚያባክን ይለካል።

ወደ ስያሜዎቹ እንመለስ። «አስመሰለ» የሚለው ግሥ በራሱ ነውር የለበትም። «አስመሳይ» የሚለው ስም ግን በአማርኛ ተናጋሪ ዘንድ ያልሆነውን ሆኖ የሚታይ ሰው፣ ማለትም ግብዝ፣ የሚል ፍች ይዞ ኖሯል። «ቫልቩ በአስመሳይ ፓምፕ ተፈተነ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሐኪም ፈተናው ራሱ ሐሰተኛ መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም። የፈተና ሪፖርት የሚጻፈው እንዲታመን ነውና፣ ይህ ስያሜ ሰነዱን ከመነሻው ያጎድፈዋል።

«ሰው ሠራሽ ልብ» ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ነው። ሰው ሠራሽ ልብ በሰው ደረት ውስጥ ገብቶ የልብን ሥራ የሚተካ መሣሪያ ሲሆን፣ የእኛ ፓምፕ ግን ከጠረጴዛ ላይ አይነሣም። «ቫልቩ በሰው ሠራሽ ልብ ላይ ተሞከረ» ከተባለ አንባቢው በበሽተኛ ላይ የተሞከረ ሊመስለው ይችላል። በቤተ ሙከራ ፈተናና በሰው ላይ በሚደረግ ሙከራ መካከል ያለውን ድንበር አንድ ቃል ሲያፈርሰው፣ ስሕተቱ የቋንቋ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከዚህም ሌላ፣ ልብን እንዲያግዙ በሰውነት ውስጥ ከሚተከሉት ፓምፖች ብዙዎቹ ደሙን ሳያቋርጡ ስለሚገፉ፣ በተሸካሚው አንጓ ላይ ትርታ ላይገኝ ይችላል። በሰው ውስጥ ያለው ሳይመታ ጠረጴዛው ላይ ያለው የሚመታ ከሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት አያስኬድም።

«መቅጃ» የሚለው ሦስተኛው ስያሜ ከሁሉም ይልቅ ያጓጓል። «ቀዳ» ፈሳሽን ከዕቃ ወደ ዕቃ ማፍሰስንም፣ አንድን ነገር አይቶ መገልበጥንም ይይዛል፤ ሁለቱም ከፓምፑ ሥራ ጋር ይስማማሉ። «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» የተሰኙት ቃላትም መንገዱን የጠረጉለት ይመስላል። ይሁንና በዛሬው አነጋገር «መቅጃ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ድምፅን ወይም ምልክትን የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። በዚሁ ዑደት ውስጥ ፍሰቱን የሚለካና የሚመዘግብ ሌላ መሣሪያ ስላለ፣ ፍሰት ሰጪውና ፍሰት መዝጋቢው በአንድ ስም ይጋጫሉ።

በእነዚህ ፈንታ «አምሳያ» የሚለውን እንመርጣለን። ቃሉ መመሳሰልን ሲነግር ማታለልን አይጨምርም። «አምሳያ የለውም» ስንል አቻ የለውም ማለታችን ስለሆነ፣ ፓምፑን ከልብ ጋር እኩል ያደርገዋል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መልሱ በዘርፉ ላይ ነው፤ «የልብ አምሳያ» ሳይሆን «የልብ ምት አምሳያ» ሲባል መመሳሰሉ በምቱ ብቻ ይወሰናል።

«ምት» እና «ትርታ»ም ሊለዩ ይገባል። በዕለት ንግግር አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል፤ በሙያ ጽሑፍ ግን ምት የገፊው፣ ትርታ የተገፊው ቢሆን ጥቅም አለው። ጆን ዎመርስሊ እ.ኤ.አ. በ1955 በቧንቧ ውስጥ በሒሳብ የተነተነው ዓይነት ፍሰት እንግዲህ «ባለትርታ ፍሰት» ይባላል። «ትርታዊ» ማለት ባይከለከልም፣ «ባለ» ለአማርኛ ይቀርባል።

የመጨረሻው ጉዳይ በዑደቱ ውስጥ ያለው ጋን ነው። ስቲቨን ሄልስ እ.ኤ.አ. በ1733 የደም ቅዳዎችን መለጠጥ በእሳት ማጥፊያ ፓምፕ ላይ ካለው የአየር ጋን ጋር አነጻጸረ። ኦቶ ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1899 ሐሳቡን በሒሳብ ሲያስቀምጥ የሠራበት «ቪንድኬሰል» የሚለው የጀርመንኛ ቃልም ከዚያው ጋን የመጣ ነው። በቤተ ሙከራው ዑደት ውስጥ ከፈሳሹ በላይ የታመቀው አየር ሲረጭ ይጨመቃል፤ ምቱ ሲያርፍ መልሶ ይገፋል። እዚህ ላይ የቀጥቃጭን ወናፍ ማሰብ የተለመደ ነው። ነገር ግን ወናፍ በሰው እጅ የሚሠራ ገፊ ስለሆነ፣ ምሳሌነቱ ለፓምፑ እንጂ ለጋኑ አይሆንም። ጋኑ የተቀበለውን አቆይቶ ይሰጣል እንጂ ከራሱ አይገፋም። ስለዚህ «የአየር ጋን» ይበቃል።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ለሰው ሠራሽ የልብ ቫልቮች የወጣው አይ.ኤስ.ኦ. 5840 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ተጣጣፊ ቫልቮች ለ200 ሚሊዮን፣ ግትር ቫልቮች ለ400 ሚሊዮን ጊዜ መከፈትና መዘጋት እንዲፈተኑ ይጠይቃል። ልብ በዓመት ከ36 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ስለሚመታ፣ 200 ሚሊዮኑ ከአምስት ዓመት በላይ ዕድሜ ማለት ነው። ይህን ለማሳጠር ቫልቩን ከተፈጥሮ እጅግ በላቀ ፍጥነት የሚከፍትና የሚዘጋ ሌላ መሣሪያ አለ። እርሱ የሚፈትነው ድካምን እንጂ የተፈጥሮን ፍሰት ስላልሆነ «አምሳያ» አይባልም፤ «የቫልቭ ድካም መፈተኛ» ቢባል ይሻላል።

በጠቅላላው፣ ለፓምፑ «የልብ ምት አምሳያ ፓምፕ»፣ ለመላው ዑደት «የደም ዝውውር አምሳያ»፣ ለፍሰቱ «ባለትርታ ፍሰት»፣ ለጋኑ «የአየር ጋን» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። «ፓምፕ» የሚለው ቃል በሕዝብ ዘንድ ስለተለመደ እንዳለ ቢቀመጥ ይበጃል። ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና ተርጓሚዎች ስያሜዎቹን በሥራቸው ላይ ፈትነው የደረሱበትን እንዲያሳውቁን እናሳስባለን።