«እርምጃ» እና «ብጥብጥ»፦ ከረብሻ በኋላ የምንናገረው አማርኛ

ሐያሲ ልብ ወለድና ግጥም ብቻ ያነብባል ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም። እኔ በበኩሌ ከብዙ ጊዜ ወዲህ አንድ ሌላ ዓይነት ድርሰት ማንበብ ለምዶብኛል፤ ከተማ ከተረበሸ በኋላ የሚወጣውን መግለጫ። ደራሲው ስሙን አይጽፍም፤ አንባቢውና አድማጩ ግን ከማንኛውም ደራሲያችን ይበልጣል። ስለዚህ ሂስ ይገባዋል እላለሁ።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። «ሁከት»፣ «ብጥብጥ»፣ «ነውጥ» እንላለን። ሁከት ከግእዙ «ሆከ» የመጣ ነው፤ አነቃነቀ፣ አወከ ማለት ነው። በሶ በጥብጠን እንጠጣለን፤ ባሕርም ይናወጣል። ሦስቱም ቃላት የረጋ ፈሳሽ እንደነበረና አንድ እጅ እንዳማሰለው አስቀድመው ይነግሩናል። ምርመራው ሳይጀመር ፍርዱ በቃሉ ውስጥ አለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ «በጥባጩ ማነው?» የሚለው ብቻ ይሆናል፤ «ፀረ ሰላም ኃይሎች»፣ «የውጭ እጅ» የሚሉት መልሶችም ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ውኃው ራሱ ምን ሆኖ ነበር ብሎ የሚጠይቅ መግለጫ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ጠዳ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ከአዘዞ ቀጥላ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የጎንደርን ወሬ ከሬዲዮው በፊት የምንሰማው ከመኪናው ነው፤ አስፋልቱ ጭር ሲል አንድ ነገር እንዳለ እናውቃለን። ሐምሌ 5 ቀን 2008 የጸጥታ ኃይሎች የወልቃይት የማንነት ጥያቄ ኮሚቴ አባላትን ለመያዝ ጎንደር በገቡ ጊዜ ተኩስ ተከፈተ፤ ሰውም ሞተ። ሐምሌ 24 እጅግ ብዙ ሕዝብ አደባባይ ወጣ። በነሐሴም ከተማዋ ከቤት ያለመውጣት አድማ መታች። በዚያ ሰሞን አንዲት በዕድሜ የሚበልጡኝ ጎረቤቴ ሬዲዮናቸውን ሰምተው ሲያበቁ፣ «አንተ ልጅ፣ ‹የሰው ሕይወት ጠፍቷል› ይላል። ጠፍቶ የት ሄደ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ቀልድ አልነበረም።

የሴትዮዋ ጥያቄ የሰዋስው ጥያቄ ነው። በመግለጫዎቻችን ውስጥ ንብረት ሲቃጠል አቃጣዩ አለ፤ «ሁከት ፈጣሪዎች ንብረት አወደሙ» ይባላል። ሰው ሲሞት ግን ግሡ ባለቤት ያጣል፤ ሕይወት እንደ ጠፋች አህያ «ይጠፋል»፣ ወይም እንደ ክረምት «ያልፋል»። ጥይቱን የተኮሰ ሰው በአረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። አንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ እንዲህ ቢጽፍ መምህሩ «ባለቤቱ የታለ?» ብሎ በቀይ ያሰምርበታል።

ተኳሹ ሲመጣም ብቻውን አይመጣም፤ «እርምጃ» የሚለውን ቃል ለብሶ ነው። ይህ ቃል ታሪክ አለው። በደርግ ዘመን የነበረ ሰው «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» የሚለውን ሲሰማ ተገደለ ማለት እንደሆነ አስተርጓሚ አያስፈልገውም ነበር። ዘመኑ ሲለወጥ ስሙ ሳይለወጥ ቅጽሉ ብቻ ተለወጠና «ተመጣጣኝ እርምጃ» ተባለ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በምርጫው ሳቢያ አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ውስጥ የተነሣውን ረብሻ እንዲያጣራ በአዋጅ የተቋቋመው ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 የፖሊስ አባላት መሞታቸውን ቆጥሮ አገኘ። ሰብሳቢው አቶ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው አቶ ወልደሚካኤል መሸሻ ከአገር ከወጡ በኋላ እንደገለጹት፣ አባላቱ በድምፅ ብልጫ፣ 8 ለ 2፣ ኃይሉ ከመጠን ያለፈ ነበር ብለው ወስነው ነበር። በጥቅምት 1999 ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ግን ያንኑ ቁጥር ይዞ እርምጃው አስፈላጊ ነበር አለ። ሬሳው አንድ ነው፤ የተለወጠው ቅጽሉ ነው።

በሰኔ 2008 ደግሞ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን በኦሮሚያ ስለሞቱት 173 ሰዎች ሲናገር የተወሰደው እርምጃ ተመጣጣኝ ነበር አለ፤ በክልላችን በቅማንት ጥያቄ ሳቢያ በደረሰው ግጭት ግን ተመጣጣኝ አልነበረም ብሏል። ቃሉ በሁለቱም በኩል መሠራቱን አልጠላሁም። የከነከነኝ መስፈሪያው አለመታየቱ ነው። ገበያ ላይ ጤፍ የምትሸጥ ሴት እንኳ ቁናውን ከፊታችን ታስቀምጣለች። ድንጋይ በጥይት ሲመለስ መጠኑ በምን ተለካ? በሚያዝያ 2009 በቀረበው ሁለተኛ ሪፖርት የሟቾቹ ቁጥር 669 ደረሰ፤ ከእነዚህ 140ዎቹ ከአማራ ክልል ነበሩ።

ወደ ሥነ ምግባሩ ክርክር ልለፍ። በ1996 «አደገኛ ቦዘኔነትን» ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 384 ወጣ፤ በዚህ የተጠረጠረ ሰው በዋስ አይለቀቅም። ቦዘነ ማለት ሥራ ፈታ ማለት ነው። ሥራ ያጣ ወጣት ሥራ ባለማግኘቱ በአንድ ቅጽል ወንጀለኛ ሆነ፤ ዓመት ከመንፈቅም ሳይሞላ በሰኔ 1997 አደባባይ ለወጣው ልጅ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ተገኘ። «ዱርዬ» የሚለውም አብሮት ይነገራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ በእኛ አገር አያቱ «ዱር ገባ» የተባለለት ሰው ይኮራል፣ ጣሊያንን በዱር የተዋጋ አርበኛ ነውና። የልጅ ልጁ ዱርዬ ሲባል ይሰደባል። ዱሩ ያው ዱር ነው።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. በነሐሴ፣ ለንደን ቶተንሃም ውስጥ ፖሊስ ማርክ ደገን የተባለውን ሰው ተኩሶ ከገደለ በኋላ የእንግሊዝ ከተሞች ሲቃጠሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ካሜሩን ነገሩ የድህነት ሳይሆን የጠባይና የሥነ ምግባር ውድቀት ነው አሉ። ከዚያ 30 ዓመት በፊት ግን፣ ከብሪክስተን ረብሻ በኋላ፣ ሎርድ ስካርማን የተባሉት ዳኛ ወንጀሉን ሳያስተባብሉ የፖሊስን የመንገድ ላይ ፍተሻና የወጣቱን ሥራ አጥነት በስማቸው ጠርተው ጽፈው ነበር። ሁለቱም እንግሊዝኛ ናቸው፤ አንዱ ይገሥጻል፣ ሌላው ያጣራል። እኛ ጋ የሚያጣራው አማርኛ ገና አልተጻፈም ለማለት ይዳዳኛል።

መንግሥትን ብቻ እያነሣሁ የተቃዋሚውን ወገን አማርኛ ባልፍ ሂስ አይሆንም። በዚያው በ2008 ሐምሌ ጎንደር ውስጥ የትግራይ ተወላጆች ሱቅና ቤት ጥቃት ደርሶበታል፤ ለዓመታት አብረውን የኖሩ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ወጥተዋል። ይህን የኛ ሰው «ሕዝባዊ ቁጣ» አለው። እዚህም ባለቤቱ የለም፤ ቁጣው በራሱ እግር ሄዶ የጎረቤትን ሱቅ ሰበረ ማለት ነው። በዚያው ወር አደባባይ የወጣው ሰው ስለ ኦሮሞ ወንድሞቹ ደም ጮኾ ነበር፤ በዚያ የኮራሁትን ያህል በዚህኛው ዝምታችን አፍሬያለሁ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ደግሞ በአንድ ሙስሊም አባት ቀብር ላይ በተነሣው ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች በዚያችው ከተማ ሲሞቱ «ጽንፈኞች» የሚል ቃል ተገኘ። ጽንፍ ዳር ማለት ነው። ሰዎቹ የሞቱት ግን መሃል ከተማ ነበር፤ የገደሏቸውም ከዳር አልመጡም።

የመጨረሻው ቃል «ተሃድሶ» ነው። መስከረም 28 ቀን 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች ተያዙ፤ ብዙዎቹ ብር ሸለቆን፣ ጦላይንና አዋሽን በመሳሰሉ ካምፖች የተሃድሶ ሥልጠና ተሰጣቸው። ቤተ ክርስቲያን ይታደሳል፣ ቃል ኪዳን ይታደሳል፤ ሰው በካምፕ ሲታደስ የሰማነው አሁን ነው። ሲለቀቁም «አይደገምም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ለብሰው ታዩ። እንደ ሐያሲ ይህን አንድ ቃል ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የሚደገመው ምንድን ነው? ሰልፉ ነው ወይስ ተኩሱ? ካናቴራው አይናገርም። አዋጁ ሐምሌ 28 ቀን 2009 ተነሣ። በየካቲት 2010 ሁለተኛ አዋጅ በመላ አገሪቱ ወጣ፤ በአማራ ክልል ደግሞ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ሌላ ታወጀ።