የሕፃናት ቃልና የቁጥር መዝገብ

ስለ ባሪያ ንግድ የተጻፈው ታሪክ አብዛኛው የነጋዴው መዝገብ ነው። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ተጭነው ስለ ተጋዙት አፍሪቃውያን ሊቃውንት የሚሰጡት ግምት 12.5 ሚሊዮን ያህል ሲሆን፣ ይህም በአመዛኙ ከመርከብ ሰነድ የተውጣጣ ነው። ሰነዱ ስንቱ እንደ ተጫነና ስንቱ በባሕር ላይ እንደ ሞተ ይናገራል፤ የተጫነው ሰው ከየትኛው ቤት፣ በማን እጅ እንደ ወጣ ግን አይናገርም።

ሳንድራ ሮዎልት ሼል እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት «የተስፋ ልጆች» የተባለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይህን ጉድለት ለመሙላት የተነሣ ነው። ነገሩም የሚጀምረው ከኢትዮጵያ ነው። በ1888 ኦስፕሬይ የተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን ያዘ። ነጻ ከወጡት መካከል 64 የኦሮሞ ልጆች፣ ይኸውም 42 ወንዶችና 22 ሴቶች፣ በዔደን አጠገብ በሼክ ኦስማን ከቆዩ በኋላ በ1890 በደቡብ አፍሪቃ ወደሚገኘው የላቭዴል ትምህርት ቤት ተወሰዱ። የእያንዳንዳቸውም ታሪክ በዚያው ዓመት ከቃላቸው ተጻፈ።

ደራሲዋ የልጆቹን መንገድ ከትውልድ መንደር እስከ ባሕር ዳርቻ አንድ በአንድ መከታተላቸው ከፍ ያለ ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። ከባሕሩ ጉዞ በፊት የየብሱ መከራ እንደሚቀድም፣ ልጁም ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ እንደሚያልፍ በማስረጃ አሳይተዋል።

ነቀፌታው ሌላ ነው። ቃሉ ከኦሮምኛ ወደ እንግሊዝኛ ከተለወጠ በኋላ እንደገና ወደ ቁጥርና ሠንጠረዥ ተለውጧል። በልደታ ችሎት የምስክር ቃል በአስተርጓሚ ሲሰማ የተከታተለ ሰው እንደሚረዳው፣ መልስ ብዙ ጊዜ የጥያቄውን መልክ ይይዛል። ሠንጠረዡ የቃሉን ጥርጣሬ ይሸፍናል እንጂ አያስወግደውም።

ይህም ሆኖ መጽሐፉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚያቀርበው ፈተና ከባድ ነው። የባሪያ ንግድን የባሕር ማዶ ነጋዴ ኃጢአት ብቻ አድርጎ ማውራት ተለምዷል። ነገር ግን ነጋዴው በወደብ የተረከበውን ልጅ አስቀድሞ የያዘው ወይም የሸጠው የአገር ሰው ነበር። መንግሥት በ1916 ዓ.ም. ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበትን ሕግ፣ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነትን የሚሽር አዋጅ ማውጣቱ ነገሩ የውስጥ እንደ ነበረ ራሱ ይመሰክራል።

ከ64ቱ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ወደ አገሯ ሳትመለስ ቀረች፤ በሮበን ደሴት የታሰረው ሊቅ ኔቪል አሌክሳንደር የልጅ ልጇ ነው። የቤተ ሰቡ ታሪክ በደቡብ አፍሪቃ ተጽፏል፤ የሸጪውና የተሸጠው ልጅ መንደር ታሪክ ግን እዚሁ፣ በኦሮምኛ ከሽማግሎች ተጠይቆ መጻፍ ይኖርበታል። መጽሐፉ ያላደረገው ይህን ነው፤ ማድረግም የነበረበት የደራሲዋ ብቻ ሳይሆን የኢትዮጵያ ሊቃውንት ድርሻ ነው።