አስናቀ ብቻውን አይደለም

ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ቀጠሮ ስጠብቅ፣ በአባታቸው ቤት የሚካሰሱ እህትና ወንድም አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እህትየዋ ጠበቃዋን፣ "እንደሚያዩት አይምሰልዎት፤ አስናቀ ማለት እሱ ነው!" አለቻቸው። ወንድምየው ሰምቶ ሳቀ።

"ሰው ለሰው" ድራማ በኢቲቪ ከታየ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የአስናቀ ስም ግን ስድብ ሆኖ ቀረ። ይህ ለአበበ ባልቻ ትልቅ ምስክርነት ነው። ሳይጮህ ያስፈራል፤ ጨዋ ነጋዴ መስሎ ያስገድላል። ኧረ እንዲያውም እንወደው ነበር!

ቅሬታዬ ከተዋናዩ ጋር አይደለም። ፍቅሩም፣ የቤተሰብ ጠቡም፣ ግድያውም ተጎንጉኖ ልብ ሲያንጠለጥል ይቆይና፣ ክፋቱ ዞሮ ዞሮ አንድ ሰው ላይ ይከመራል። ሌላው በአብዛኛው ተታላይ ነው። እኛም ሳሎናችን ቁጭ ብለን፣ ከአስናቀ ጋር ስንተያይ ጻድቅ ሆነን እናመሽ ነበር። የውርስ መዝገብ ግን እንዲህ አይነበብም። እናቱን ለዓመታት ያስታመመ ልጅ፣ ያው ራሱ፣ እሷ ስትሞት ሐሰተኛ ኑዛዜ ይዞ ይመጣል። እኔ ድራማው ውስጥ ያጣሁት ይህንን ሰው ነው። አስናቀን መጥላት ቀላል ነው፤ ይህኛውን ምን እናድርገው?

ስማቸው ተጠርቶ ገቡ። ሲወጡ ወንድምየው አይስቅም፤ ታክሲም ለየብቻ ያዙ።